የሀራጁኩ ሰልባጅ

አዲስ አበባ፣ ኢንቾን፣ ናሪታ። ስለ በረራው የማወራው የለኝም፤ እግሬ አብጦ ወረድኩ።

ቶኪዮ የሄድኩት ለሥራ ነው። እሁዷን ግን ለአንድ ቀሚስ አስቀምጫት ነበር። አለባበሱን ሎሊታ ይሉታል። ስሙ ያሳስታል እንጂ ገላ ማሳየት የለበትም፦ እስከ አንገት ዝግ፣ ከወገብ በታች እንደ ደወል የተነፋ፣ ዳንቴል በዳንቴል። ሀራጁኩ በሚባለው የፋሽን ሰፈር፣ ላፎሬ የተባለው የልብስ መደብሮች ሕንፃ ገብቼ የአዲሱን ዋጋ አየሁና ቶሎ ወጣሁ። ታኬሺታ መንገድ የበዓል ዋዜማ መርካቶ ነው፣ ክሬፕ የሚሉት ጣፋጭ ስስ ቂጣ ሽታ ተጨምሮበት።

የመጀመሪያው ሰልባጅ ቤት መለካት ክልክል ነው አለኝ። ታዲያ ምኑን ልግዛ? ተናድጄ ወጣሁ።

ሁለተኛው ውስጥ አገኘኋት። በ1988 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሎሊታ ልብስ አምራች የ"ቤቢ ዘ ስታርስ ሻይን ብራይት" ሥራ፣ ወይን ጠጅ ቀለም፣ 9,800 የን። ወረቀቷ ላይ የተጻፈውን በስልኬ አስተረጎምኩ፦ "ጫፉ ላይ ትንሽ ነጥብ አለ፤ አንዱ የወገብ ማሰሪያ የለም።" ነጥቡን ፈልጌ ለማግኘት አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። እኛ ጋ ጉድፉን የምናየው ቤት ገብተን ነው። ማሰሪያው ስለሌለ ትንሽ ቀንሺልኝ አልኳት ልጅቷን። ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። አንድ የን አልቀነሰችም።

መለኪያው ክፍል ጫማ ይወለቃል። ከዚያ ሜካፕ ልብሱን እንዳይነካ ፊት ላይ የሚጠለቅ ስስ ነጭ ከረጢት ሰጠችኝ። መስታወቱ ውስጥ ሙሽራ ልሁን ታጋች አላወቅሁም። ትከሻው ጠበበኝ፤ ጀርባው በላስቲክ የተሰበሰበ ባይሆን ኖሮ ባዶ እጄን እመለስ ነበር።

ሆቴሉ ሻንጣ መክፈቻ ቦታ እንኳ የለውም፤ አልጋው ላይ ለበስኩ። ከውስጥ ሰፈሬ ያለው ልብስ ሰፊ የሠራልኝን ነጭ ሸሚዝ አደረግሁ። ያለ ጁፖን ቀሚሱ እንደ እርጥብ ጋቢ ተንጠለጠለ። 2,000 የን የገዛሁትን ቱል ጁፖን ስጨምርበት ግን ተነፋ፣ በሩም ጠበበኝ።

ያስቸገረኝ የራስ ጌጡ ነው። ለስላሳ ፀጉር ታስቦ የተሠራ መሰለኝ፣ ሹሩባዬ ላይ አልቆም አለ። ሀራጁኩ ጣቢያ ለሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት አነሳችልኝ። ቦርሳዋን ከፍታ ሁለት የፀጉር ፒን አወጣች። አንዱን ሹሩባ በጣቷ ገለጥ አድርጋ ከሥሩ ሰካችው፣ ሌላውን በማዶ። ወደ ኋላ ራቅ ብላ አየችኝና "ካዋዪ" አለች፤ ታምሪያለሽ እንደማለት።

ፒኖቿን ልመልስላት ስል ባቡሯ መጣ።