ሳይቆረጥ የከረመው ጨርቅ

ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ባለች ልብስ ስፌት ቤት የሙሽራ ኮት ጨርቅ ገባ። ሱፍ ነው፤ ወርዱ 1 ሜትር ከ50፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ20። የገባው ኅዳር መጨረሻ፣ ሠርጉ ጥር 15፣ ኮምቦልቻ። ታኅሣሥ 25 ጨርቁ እንደታጠፈ መደርደሪያው ላይ ነው።

ሰፊው ሰነፍ አይደለም፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። በእነዚያ ሳምንታት ሱሪ ሲያሳጥር፣ ዚፕ ሲቀይር፣ ዩኒፎርም ሲሰፋ እያመሸ ነው የገባው። ኮቱን ግን ፈራው። የተሰፋ ይፈታል፤ የተቆረጠ አይመለስም። ጠዋት ጠዋት ያወርደዋል፣ በጣቱ ያሸዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ጋሼ አልተቆጡትም።

«አብሽር ልጄ፣ ዛሬ አትቆርጠውም» አሉት።

«እና ምን ላድርግ ጋሼ?»

«እርጥብ አቡጀዲ ጣልበትና ካውያ አሳርፍበት። እንዳትጎትተው፤ እያነሣህ አሳርፍ። ከዚያ ዘርግተኸው ግባ። መቀሱን ወዲህ በል።»

መቀሱን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። የልጁ ትከሻ ወረድ ሲል አየሁት። ወዲያው ካውያውን ሰካ።

ሱፍ ሳይቆረጥ እንፋሎት ካላገኘ፣ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ይሰበሰብና ደረቱን ያጨማድደዋል። ስለዚህ ሥራው የግድ ነው፤ በዚያ ላይ ቀስ ብሎ ለያዘው ጨርቁን የሚያበላሽበት መንገድ የለም። በደሴ ብርድ እስኪደርቅ አደረ። በማግስቱም መቀስ የለም፤ በስል ሳሙና ማስመር ብቻ። መጀመሪያ ጀርባውና ፊቱ፣ ቀጥሎ እጅጌው፣ ለጎን ስፌት 2 ሳንቲ፣ ለግርጌ 4 ሳንቲ እየተረፈ።

ፊቱ ላይ ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ቁራጭ ጋ ሲደርስ ጨርቁ አለቀ። ሜትሩን ዘረጋ፦ 2 ሜትር ከ12። 8 ሳንቲ ተሰብስቧል። ሱቅ ተሮጠ፤ ጣቃው ተሽጦ አልቋል።

እስካሁን የሚቆጨኝ ይኸ ነው። ኅዳር ላይ ካውያ ነክቶት ቢሆን 30 ሳንቲ መጨመር በቂ ነበር። ጨርቁ ጎደሎውን ያወጣው ሲነካ ነው፤ ታጥፎ ሳለ ሙሉ ይመስል ነበር።

የኮሌታውን የታች ፊት ከሌላ ጨርቅ አወጡት፤ እሱ አያስነውርም፣ ደህና ኮት ላይም የተለመደ ነው። የሚታጠፈውን ቁራጭ ግን ከመጨረሻው ቁልፍ በታች መቀጠል ግድ ሆነ። ሁለት ፕሮቫ (ልክ ለማየት ማስለካት) በአንድ ሳምንት።

ያ ቤት ዛሬ ጨርቅ በገባበት ማታ ካውያ ያርፍበታል፤ መቀሱ መሳቢያ ውስጥ ያድራል።

ጥር 13 ሙሽራው ኮቱን ለብሶ መስታወት ፊት ቆመ። ቅጥያውን አላየም። ሰፊው ራሱ ገልጦ አሳየው።