የክረምቱ ካርድ እና የበሩ ግርግር

በለገጣፎ መንገድ ላይ ባለ አንድ የመዝናኛ ማዕከል የበር ፈረቃ ተቆጣጣሪ ነኝ። የግቢው ስም ይቅር። ከፍ ብሎ የሚዞር ተሽከርካሪ፣ እርስ በርስ የሚጋጩ የኤሌክትሪክ መኪኖች፣ የሕፃናት ባቡር፣ መዝለያ፣ ሰፊ ሣርና ካፌ አለው። ከመገናኛ በካራ በኩል የሚመጣው ሚኒባስ ደጃፉ ላይ ያወርዳል።

ገበያችን ቅዳሜና እሑድ ነበር። በሥራ ቀን ማሽኖቹ ቆመው ይውላሉ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ልጆቹ ትምህርት ቢዘጋላቸውም ዝናቡ ወላጅን ያስቀረዋል። ይህን ያየ የባለቤቱ ወንድም ከአትላንታ ለእረፍት በመጣ ጊዜ አንድ ሐሳብ አቀረበ። እሱ ልጆቹን የሚወስድበት በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ቅርንጫፍ ያለው ሲክስ ፍላግስ የሚባለው ፓርክ ወቅቱን ሙሉ የሚያስገባ ካርድ ይሸጣል፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ ለሁለት ቀን መግቢያ ከሚከፈለው ብዙም አይርቅም። ገንዘቡ ወቅቱ ሳይጀመር ይሰበሰባል፤ ባለ ካርዱም በመጣ ቁጥር ምግብና መጠጥ ይገዛል። "እናንተስ ምን ጎድሏችሁ ነው?" አለ።

ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን የሚያገለግል የክረምት ካርድ ታተመ፤ ዋጋው ከሦስት ቀን መግቢያ ያነሰ። ካርዱ በሩን ብቻ ነው የሚከፍተው፤ ጨዋታው እንደ ወትሮው በየቲኬቱ ነው። (ዲዝኒላንድም እንደ ፈረንጆቹ በ1955 ሲከፈት መግቢያውና ጨዋታው ለየብቻ ነበር የሚከፈለው፤ የጨዋታ ቲኬቱን ጨርሶ የተወው በ1982 ነው።) በሩ በቅናሽ፣ ጨዋታው በሙሉ ዋጋ መሆኑ በኋላ ጣጣ እንደሚያመጣ ያኔ ማንም አላሰበውም። ካርዱ ተቸበቸበ።

ለዕለቱ ከፍሎ የገባ ሰው ሰዓቱን ያውቃል። ልጁን ያጫውታል፣ ፎቶ ያነሳል፣ በርገር ያዛል፣ ሲደክመው ይሄዳል። ባለ ካርድ ግን ዛሬ መምጣቱ ምንም አያስወጣውም። ለጨዋታ ሳይሆን ለመዋል ይመጣል። ጠዋት በሩ ሲከፈት የሚገቡት ጎረምሶች የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ፊት ያለውን አግዳሚ ይይዛሉ፣ አንድ ሚሪንዳ ለአምስት ይጠጣሉ፣ ቲክቶክ ይቀርጻሉ፣ ማታ ታክሲ ሊጠፋ ሲል ይወጣሉ። አልፈርድባቸውም። ሰፈሩ ሁሉ ግንባታ ነው፤ ኳስ የሚያንከባልሉበት ባዶ ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። ወላጆቹም ደስተኞች ነበሩ። አንዲት እናት በመስኮቱ አጎንብሳ "እታለም፣ መንገድ ላይ ከሚውል እዚህ ጥበቃ ካለበት ሲውል ልቤ ያርፋል" አለችኝ። ካርዱን በር መክፈቻ አድርጋ አላየችውም፤ ልጇን የምታስቀምጥበት አድርጋ ነው የገዛችው።

ስልክ መጥፋት ጀመረ። ከዚያ የሁለት ሰፈር ልጆች ተደባደቡ። አስተዳደሩ የእጅ ዲቴክተር ገዛ፣ ከኤጀንሲ ተጨማሪ ጥበቃ አስመጣ፣ ከሁለቱ በሮች አንዱን ዘግቶ ሰው ሁሉ በአንዱ በኩል ተፈትሾ እንዲገባ አዘዘ።

ፍተሻው ስለት ይፈልጋል ተባለ እንጂ አብዛኛው ልፋት ምግብ ፍለጋ ነበር። ባለ ካርዱ ቆሎና ዳቦ ከቤቱ ይዞ ስለሚመጣ የካፌው ሽያጭ ወርዷል፤ ካፌውን የተከራየው ሰው አመለከተ፤ ፈታሾቹም ከጩቤ ይልቅ አምባሻ ያዙ። አንዲት እናት የሕፃን ልጇን አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ "ከውጭ መጠጥ ማስገባት ክልክል ነው" ተብላ ስትከራከር ከኋላዋ ያለው ሰልፍ አስፋልት ደረሰ።

ሒሳቡን በደረሰኝ ጀርባ ሠርቼ ለግቢው ኃላፊ አሳየሁት። ለአንድ ሰው ግማሽ ደቂቃ ቢወስድ አንድ ፈታሽ በሰዓት 120 ሰው ነው የሚያስገባው። ወንድ በወንድ፣ ሴት በሴት ነው የሚፈተሸው፤ ሴት ፈታሽ ደግሞ አንዲት ብቻ ናት። ልጆቹም ቦርሳውም ሁሉም በእናቶች በኩል ነው። አባት ቶሎ ተፈትሾ ያልፍና ቤተሰቡን የሚጠብቀው የት ነው? መተላለፊያው ላይ። በሩ ከውጭ በሰልፍ፣ ከውስጥ ቆመው በሚጠብቁ አባቶች ታፈነ። ኃላፊው ወረቀቱን አይቶ መለሰልኝና "ሰልፍ ካለ ሥርዓት አለ ማለት ነው" አለኝ።

ከቡሄ በኋላ ባለው ሳምንት፣ 10 ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ተቀደደ። መብረቅ ስለነበር ማሽኖቹ ቆሙ። ለዕለቱ የከፈለው ልጁን በጃኬቱ ጠቅልሎ ሹልክ አለ። ባለ ካርዱ የትም አይሄድም፤ አስቦ የመጣው እስከ ማታ ነው። በግቢው ውስጥ ብዙ ሰው የሚያስጠልል ጣሪያ ያለው የኤሌክትሪክ መኪኖቹ መጫወቻ ብቻ ስለሆነ ሁሉም እዚያ ገባ። የሕዝብ መጨናነቅን የሚያጠኑ ሰዎች በአንድ ካሬ ሜትር 6 እና 7 ሰው ሲደርስ ሰው በራሱ እግር መሄዱ ይቀርና በተገፋበት ይሄዳል ይላሉ። እኔ ካሬ ሜትር አልለካሁም፤ ከመሐል አንድ ልጅ እጁን ወደ ኪሱ መስደድ አቅቶት ጓደኛውን "ስልኬን አንሳልኝ" ሲለው ግን ሰምቻለሁ።

አንዱ የሌላውን ነጭ ጫማ ረገጠ። "አታይም እንዴ?" "ባላይስ ምን ታመጣለህ?" ሸበጥ ተወረወረ። እስከዚህ የልጆች ጠብ ነው። ነገሩን የለወጠው የኤጀንሲው ጥበቃዎች ቆመጥ ይዘው ከበሩ ወደ ጣሪያው መሮጣቸው ነበር። ጠቡን ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ሩጫውን ግን ሁሉም አየው። ጥበቃ ሲሮጥ ያየ ሰው ቆሞ ምክንያቱን አይጠይቅም። አንዲት ልጅ "ጩቤ!" ብላ ጮኸች፤ ጩቤ አልነበረም። ጣሪያው ሥር የነበረው ሁሉ ወደሚያውቀው ብቸኛ በር ነጎደ።

እዚያ ደግሞ የፍተሻው ጠረጴዛና የብረት መከለያ አለ። ልጆቻቸውን ሊወስዱ የመጡ ወላጆች ጩኸቱን ሲሰሙ ከውጭ ወደ ውስጥ መግፋት ጀመሩ። ገቢና ወጪ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ተፋጠጠ።

ሻምበል የምንላቸው ነባሩ የጥበቃ ኃላፊ በዚያ ሁሉ መሐል አልሮጡም። ዝናቡ እየወረደባቸው በወትሮ እርምጃቸው ሄደው የዕቃ መኪና የሚገባበትን የጎን በር ሰንሰለት ፈቱ። ሲመለሱ "ልጄ፣ ይኼን ጠረጴዛ ከመንገዱ አንሺልኝ" አሉኝ። ከፈታሿ ጋር ተጋግዘን ወደ አጥሩ ገፋነው። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "በዚህም በር አለ! ቀስ እያላችሁ! ሕፃን የያዘ ይቅደም!" አሉ። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። የከፋ ነገር አልደረሰም፤ የአንድ ልጅ ክንድ ወለም አለ፣ አንዲት ሴት ጉልበቷ ተላጠ፤ ጫማ ግን በጆንያ ለቀምን።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። የካፌው ተከራይ ካርዱ ይሰረዝ አለ። ኃላፊው ደግሞ "ዋጋውን ሦስት እጥፍ አድርጉት፤ ዱርዬው በራሱ ጊዜ ይቀራል" አለ። ከአትላንታ በስልክ የተካፈለው የባለቤቱ ወንድም ይህ እዚያ መሞከሩን ነገረን። ሲክስ ፍላግስ በ2022 ቅናሹን ቆርጦ ዋጋ ጨመረ፤ ዋና ሥራ አስፈፃሚውም ፓርኮቹ ለታዳጊዎች ርካሽ ማዋያ ሆነው እንደነበር ለባለሀብቶች በግልጽ ተናገረ። በዚያ ዓመት የጎብኚው ቁጥር ከ27.7 ሚሊዮን ወደ 20.5 ሚሊዮን ወረደ። እያንዳንዱ ሰው የሚያወጣው ጨምሯል፤ ጠቅላላ ገቢው ግን ቀነሰ። ረብሻውም አልጠፋም። በ2024 ማርች አትላንታ አጠገብ ያለው የጆርጂያው ፓርክ በወቅቱ መክፈቻ ቀን በታዳጊዎች ጠብ ተናወጠ፤ ከግቢው ውጭ ተኩስ ሁሉ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ደንብ 15 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ከሰዓት በኋላ ከ4 ሰዓት ጀምሮ ቢያንስ 21 ዓመት ከሞላው ሰው ጋር ካልሆነ አይገባም የሚል ነው። ኖትስ ቤሪ ፋርም የሚባለው የካሊፎርኒያ መዝናኛ ፓርክም በጁላይ 2022 በታዳጊዎች ጠብ ምክንያት ያለ ሰዓቱ ከተዘጋ በኋላ ተመሳሳይ ደንብ አውጥቶ ነበር። (ኃላፊው 4 ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ወስዶ "በጠዋቱ ማን ይረብሻል?" ብሎ አሳቀን፤ የእነሱ 4 ሰዓት የእኛ 10 ሰዓት ነው።)

ስለዚህ የካርዱ ዋጋ አልተነካም፤ የተነካው አጠቃቀሙ ነው። ካርዱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ እንዲሠራ ተደረገ፤ ቅዳሜና እሑድ ለዕለት ከፋይ ቀረ። የተዘጋው በር ለመውጫ ብቻ ተከፈተ፤ ፍተሻው ከበሩ ራቅ ብሎ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደ፤ ሁለተኛ ሴት ፈታሽ ተቀጠረች። የኤጀንሲው ልጆች መሮጥ ተከለከሉ። ለእኔ ከሁሉ የበለጠው የቤት ምግብ መፈቀዱ ነው። የፔርሙዝ ክርክር ሲቀር ሰልፉ አጠረ፤ ተከራዩም ቡናና ብስኩት ቢያበዛ እንደሚሻለው ሳይወድ በግድ ገባው።

ከ10 ሰዓት በኋላ ልጆች ያለ አሳዳጊ አይግቡ የሚለውን ደንብም ወሰድን፤ እኛ ዘንድ ግን እንደ አሜሪካው አልሄደም። 21 ዓመት ብንል ግማሹ ቤተሰብ ይቀራል፤ 18 አልን። አንድ ቀን አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ትንሹን ወንድሟን አዝላ፣ ሁለቱን በእጇ ይዛ መጣች። እናቷ ጉሊት ነው የምትውለው። ፈታሹ አይቻልም አለ። ሻምበል "ከዚህች የበለጠ አሳዳጊ ከየት ይምጣ?" ብለው አስገቧት፤ በዚያው ፈረቃ ጢሙን አሳድጎ የመጣውን የ19 ዓመት ወጣት ደግሞ የማያውቃቸውን ልጆች "ወንድሞቼ ናቸው" ብሎ ሊያስገባ ሲል መለሱት። ኃላፊው በሁለቱም ተቆጣ። ደንብ ካለ በደንቡ ይሠራ፤ ማን እንደሚገባ በር ላይ የቆመ ሰው በዓይኑ የሚወስን ከሆነ ነገ ጉቦ ይመጣል ይላል። እኔ ከሻምበል ጋር ነኝ፤ ግን ሰውየው በጉቦው ተሳስቷል ብዬ አፌን ሞልቼ አልከራከረውም።