ቀልብ መሰብሰብ ሌላ፣ ማሰብ ሌላ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። 21፣ 127 እና 3 ሊትር የሚይዙ ሦስት ዕቃዎች አሉ፤ በእነሱ ብቻ 100 ሊትር ውኃ ለኩ። መልሱ ትልቁን ሞልቶ ከእሱ ላይ በ21ዱ አንድ ጊዜ፣ በ3ቱ ሁለት ጊዜ መቀነስ ነው፤ 127 − 21 − 3 − 3 = 100። ዕቃዎቹ 14፣ 163 እና 25 ሆነው 99 ሲፈለግም መንገዱ ያው ነው። 18፣ 43 እና 10 ሆነው 5 ሲፈለግም እንደዚያው። አሁን ደግሞ ይኼን ሥሩ፦ 23፣ 49 እና 3፤ የሚፈለገው 20።

49 − 23 − 3 − 3 ብላችሁ ከሆነ መልሱ ልክ ነው። ግን 23 − 3ም 20 ነው።

አብርሃም ሉቺንስ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው ጥናቱ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን በተከታታይ ሲሰጥ፣ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች አጭሩን መንገድ ሳያዩት አለፉ። ቀጥሎ 28፣ 76 እና 3 ተሰጥቶ 25 ሲፈለግ የለመዱት መንገድ 42 ላይ ያደርሳል እንጂ አይሠራም። 28 − 3 ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ብዙዎቹ መፍታት አቃታቸው። ልብ በሉ፣ የእነዚህ ሰዎች ቀልብ አልተበተነም። አንገታቸውን ደፍተው በትጋት ነበር የሚሠሩት። ያልሠሩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ቀና ብለው «ይኼኛው ጥያቄ እንደ ፊተኞቹ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅን ነው።

ቀልብ መሰብሰብ አንድ ነገር ላይ ቆይቶ ሌላውን ሁሉ መከልከል ነው። ማሰብ ግን ከተከለከለው ውስጥ የሚጠቅመውን መልሶ ማስገባት ይጠይቃል፤ ማወዳደር፣ ሌላ መንገድ መፈለግ፣ ጥያቄውን ራሱን መጠርጠር። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ባንድ ጊዜ ግን አይሠሩም።

ለማትሪክ የሚዘጋጅ ተማሪ (x − 3)² = 49 ሲያይ ምን ያደርጋል? ብዙው ወዲያው ይበትነዋል፦ x² − 6x + 9 = 49፣ ከዚያ x² − 6x − 40 = 0፣ ከዚያ ኳድራቲክ ፎርሙላ። 36 + 160 = 196፣ ካሬ ሥሩ 14፣ መልሱ 10 እና −4። አምስት መስመር ሲሆን በእያንዳንዱ መስመር ላይ ምልክት ሊሳት ይችላል። ከመጀመሩ በፊት ግራውን ጎን ለአፍታ ያየ ሰው ግን x − 3 = 7 ወይም −7 ብሎ ባንድ መስመር ይጨርሳል። ይህ ችግር በትኩረት ማነስ የመጣ ስላልሆነ በትኩረት ብዛት አይድንም።

ስለዚህ ከበድ ላለ ጥያቄ የመጀመሪያውን ሁለት ደቂቃ ምንም ሳታሰሉ አሳልፉ። የተሰጠው ምንድን ነው? የሚፈለገውስ? መልሱ በግምት ትልቅ ነው ትንሽ፣ ፖዘቲቭ ነው ኔጌቲቭ? ቢያንስ ሁለት መንገድ በአጭሩ ጻፉና አንዱን ምረጡ። እነዚህን በጭንቅላት ለመያዝ አትሞክሩ። አእምሮ ባንድ ጊዜ አንጠልጥሎ የሚይዘው ነገር አራት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አማራጮቹ እዚያ ከተቀመጡ ለስሌቱ ቦታ አይተርፍም። መንገዱ ከተመረጠ በኋላ አንገት ደፍቶ መሥራት ነው፤ እዚህ ላይ ሌላ አማራጭ ማውጠንጠን ምልክት ያስታል። ስትጨርሱ የሠራችሁትን ከላይ ወደ ታች ደግማችሁ አታንብቡ፣ ዓይን የጠበቀውን ነው የሚያነበው። መልሱን ወደ ጥያቄው መልሱት፦ 10 − 3 = 7፣ −4 − 3 = −7፣ ሁለቱም ካሬያቸው 49።

የሰዓት አከፋፈሉም ይለያል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኖርማን ማክወርዝ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ሙከራ፣ ሰዎች እንደ ሰዓት የምትንቀሳቀስ መርፌ እያዩ አልፎ አልፎ ድርብ ስትዘል ቁልፍ እንዲጫኑ አደረገ። ጥያቄው የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ራዳር ጠባቂዎች ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚያመልጣቸው ዝላይ በግልጽ ጨመረ። ቃላት መሸምደድ፣ ስሌት፣ የተጻፈን ማረም የዚህ ዓይነት ሥራዎች ናቸው፤ 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ መነሳት ይስማማቸዋል። አዲስ ዓይነት ጥያቄን ማሰብ ግን በ25ኛው ደቂቃ ደወል ከተቋረጠ የሰበሰባችሁት ሁሉ ይበተናል። ለእሱ ሳይቆራረጥ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል መመደብ ይሻላል።

ያንኑ መስመር ደግማችሁ ከጻፋችሁት ወይም 15 ደቂቃ ሙሉ አዲስ ነገር ካልመጣ፣ የቆማችሁበትን ቦታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ተነሱ። ዕቃ እጠቡ፣ ቡና ቁሉ፣ በእግር ዞር በሉ። ስልክ አይሁን፤ ስልክ ራሱ ትኩረት ስለሚወስድ ሐሳብ የሚንሸራሸርበት ቦታ አይተውም። የሒሳብ ሊቁ አንሪ ፖንካሬ ፈረንሳይ ውስጥ ኩታንስ በተባለች ከተማ ጋሪ ላይ ሲወጣ፣ እግሩ መወጣጫውን እንደነካ የቆየ ጥያቄው መልስ እንደመጣለት ተናግሯል። ይህ የሆነው ግን ቀደም ብሎ ለቀናት ጠረጴዛ ላይ ከለፋ በኋላ ነው። ካን ወደተባለው ከተማው ሲመለስም ቁጭ ብሎ አረጋገጠው። ሳይለፋ ተነስቶ የሚንሸራሸር ሰው አየር ይቀበላል እንጂ መልስ አያገኝም።

በየቤቱ አንገቱን ደፍቶ የሚያጠና ልጅ ይመሰገናል፣ በመስኮት የሚያይ ደግሞ «የት ሄድክ?» ይባላል። መጽሐፉ ፊቱ ተገልጦ፣ ግማሽ የተሠራ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ካለ ለአምስት ደቂቃ ተዉት።

መልመጃዎቻችንም ለዚህ አይረዱም። በምዕራፍ ርዕስ ሥር የተደረደሩ 20 ጥያቄዎች መንገዱን አስቀድመው ይነግራሉ፤ ልክ እንደ ሉቺንስ ዕቃዎች። ከአራት ምዕራፎች ሦስት ሦስት ጥያቄ ውሰዱ፣ በቁራጭ ወረቀት ላይ ለየብቻ ገልብጡና በውዙ። ከዚያ እያንዳንዱን አንስታችሁ በየትኛው መንገድ እንደሚሠራና ለምን እንደሆነ ብቻ በአንድ ደቂቃ ጻፉ፣ አትሥሩት። 12ቱ ካለቁ በኋላ ከመጽሐፉ ጋር አመሳክሩ። መንገዱን የሳታችሁባቸውን ለይታችሁ ከሦስት ቀን በኋላ ከሌሎች ጋር ቀላቅሉና እንደገና በውዙ።