27 ከ28 ሲበልጥ

የብስክሌቴ የኋላ ቸርኬ፣ ጎማው የሚቀመጥበት ክቡ፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ የእንቁላል ቅርፅ ይዞ ወጣ። ሲሽከረከር በግራ ፍሬኑን ይስማል፣ በቀኝ ፍሬኑን ይስማል። ሰው ቢሆን ፍቅር ይዞታል እል ነበር። ሠሪ ጋ መውሰድ ነበረብኝ። ችግሩ፣ በዚያው ሳምንት አንድ ሰው ቸርኬ ከነሽቦው ሲገጥም የሚያሳይ ቪዲዮ አይቻለሁ። አንድ ቪዲዮ ያየ ሰው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።

ባለሱቁ ረጋ ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው።

«ሞዞህ ስንት ቀዳዳ ነው?» አሉኝ።

ሞዞ ማለት ሽቦዎቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበት የመሃሉ እምብርት ነው። ቀዳዳ እንዳለው አውቃለሁ። ይቆጠራል ብሎ የነገረኝ ግን የለም። «የተለመደው ነው» አልኳቸው። የሸጡልኝን ቸርኬ ይዤ ቤት ስደርስ ቀዳዳ ቆጠርኩ፤ ቸርኬው 32፣ ሞዞው 36። 4 ሽቦ ሊተርፈኝ ነው። ለአፍታ «መጠባበቂያ ይሆናሉ» ብዬ ማሰቤን ምን ያስደብቀኛል?

በማግስቱ ልቀይር ተመለስኩ።

«የጎማህስ ቁጥር?»

«28።»

«ትልቁን አይደለም። ጎኑ ላይ በትንሹ የተጻፈውን ነው የምልህ።»

«ቁጥር ቁጥር ነው ጋሼ።»

በዚህ መሃል ዓይኔ ጥግ ላይ የተሰቀለ ቸርኬ ላይ አረፈ። የድሮ ብረት ነው፣ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ቀዳዳውን ቆጠርኩ፤ 36። ደግሜ ቆጠርኩ፤ 36። ጋሼ ብረት ቸርኬ ከአልሙኒየም እንደሚከብድ፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ፍሬን አልይዝ እንደሚል እየነገሩኝ ነበር። እኔ ቸርኬው ላይ ፊቴን እያየሁ ነበር።

«እሱ 27 ነው ልጄ። ላንተ ጎማ አይሆንም።»

«እንዲያውም ይሻላል! 28 ጎማ 27 ላይ ሰተት ብሎ ነው የሚገባው።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «አይገባም» አሉ። በሆዴ «ውዱን ሊያሸክሙኝ ነው» አልኩ። ለዚያው ቸርኬ በልኩ ሽቦ አስመርጬ፣ ከፍዬ ወጣሁ።

መግጠሙ ሦስት ማታ ፈጀ። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ሁሉ ጣጣ የወደድኩት እሱን ነው። የመጀመሪያዋን ሽቦ ከቫልቭ ቀዳዳው አጠገብ ታስገባላችሁ። ሌሎቹ እሷን እያዩ ይሰለፋሉ። እያንዳንዷ ሽቦ ሦስት ሌሎችን አቋርጣ ታልፋለች፣ የመጨረሻዋን ደግሞ ከሥሯ ነው የምታልፈው። ይህን ስላላወቅኩ አንዱን ማታ ሙሉ ሳፈርስ አደርኩ። ሁሉም ገብተው ካለቁ በኋላ ሥራው ኒፕል፣ ማለትም ሽቦዋን ከቸርኬው ጋር የምታስረውን ትንሽ ቡሎን፣ ማጥበቅ ነው፤ ሩብ ዙር እዚህ፣ ሩብ ዙር እዚያ። ወደ ግራ ካዘነበለ የቀኙን ታጠብቃላችሁ፣ የግራውን ታላላላችሁ። በሦስተኛው ማታ ቸርኬው ቀጥ ብሎ ዞረ። ሽቦዎቹን በጥፍሬ ስነካካቸው እንደ ክራር ጮሁ። ባለቤቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አሰማኋት። ያኔ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

ጠዋት ጎማውን አነሳሁ። አንደኛው ጠርዝ በመከራ ገባ። ካላማዳሪውን፣ አየር የሚይዘውን የውስጥ ጎማ፣ ትንሽ ነፍቼ ከተትኩ። ሁለተኛው ጠርዝ ተጀመረ። ግማሽ ድረስ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ስንዝር ተኩል የምትሆን ቦታ ቀረች፣ አልገባም አለች። በአውራ ጣቴ ገፋሁ። በጉልበቴ ተጫንኩ። የሳሙና ውሃ ቀባሁ። ጎማው አልገባም፣ እኔ ግን ወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራተትኩ።

ማንኪያ አመጣሁ። ማንኪያ ጎበጠ። ሌላ አመጣሁ።

ጎረቤቴ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። «ዘዴ አለው» አለ። ዘዴውስ እውነት ነው፤ ቸርኬ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ነው። የጎማውን ጠርዝ ዙሪያውን እየጫናችሁ ወደዚያ ጎድጓዳ ቦታ ስታወርዱት፣ በሌላው በኩል ላላ ይላል። የጎማ ጠርዝ ውስጡ የማይለጠጥ ሽቦ ስላለው ጉልበት አይበግረውም፣ የምታገኟት ትርፍ ቦታ ያቺው ናት። ለሁለት ሆነን አወረድነው። እሱ ያዘ፣ እኔ በማንኪያ ፈነቀልኩ። ጷ! ካላማዳሪው ፈነዳ። ሌላ ካላማዳሪ ከተትኩ፤ እሱንም ማንኪያው ነክሶ ቀደደው። ጎረቤቴ ድንገት ሥራ እንዳለው ትዝ አለው።

ወለሉ ላይ በጎኔ ተጋደምኩ። ጉንጬ ሲሚንቶው ላይ፣ አፍንጫዬ ጎማው ላይ። ያን ጊዜ ነው አቧራው ሥር ያቺን ትንሽ ጽሑፍ ያየኋት። 37-622 ትላለች። ተንፏቅቄ ቸርኬው ላይ ያለውን ፈለግኩ። 630።

622 ማለት የጎማው ጠርዝ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው፣ በሚሊ ሜትር። 37ቱ የጎማው ስፋት ነው። ቸርኬዬ ከጎማዬ በ8 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። 27ቱ ከ28ቱ ይበልጣል!

በኋላ ስጠይቅ እንደተረዳሁት፣ ድሮ 27፣ 28 የሚለው ስም የሚወጣው ቸርኬውን ለክቶ አልነበረም። የተነፋውን ጎማ ከውጭ ለውጭ ለክቶ ነበር፣ ያውም በግምት። ከዚያ ጎማው ሲቀጥን ሲወፍር ስሙ እንዳለ ቀረ። ስለዚህ 28 የሚባለው፣ 700ሲ የሚባለው፣ የተራራ ብስክሌት ላይ 29 የሚባለው ሁሉም ያው 622 ናቸው። ደግሞ 28 ተብሎ 635 የሆነም አለ። 26 የሚል ከገዛችሁ 559 ሊሆን ይችላል፣ 590ም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ዘመድ አይደሉም። የሁሉም አናት ደግሞ 27 ተኩል ነው። 584 ነው። 27 ተኩል ከ27 በ46 ሚሊ ሜትር ያንሳል ማለት ነው። ይህን ስም ያወጣውን ሰው ባገኘው ማንኪያዎቹን አስከፍለው ነበር።

ቸርኬውን ተሸክሜ ተመለስኩ። ጋሼ ምንም አላሉም። 622፣ አልሙኒየም፣ 36 ቀዳዳ አወረዱ። ጎኑን አሳዩኝ፤ የፍሬኑ ጎማ የሚይዝበት ለስላሳ ገጽ አለው። ለዲስክ ፍሬን የተሠራው ይህ ገጽ የለውም አሉኝ። በትሕትና ነቀነቅኩ። ከዚያ ሽቦዎቼን አዩ።

«እነዚህም አይሆኑም። ይረዝማሉ። ጫፋቸው በኒፕሉ አልፎ ካላማዳሪ ይወጋል።»

36 ሽቦ እንደገና።

«ቫልቭህስ? ቀጭኑ ነው ወፍራሙ?»

ቸኩዬ ነበር። አፌም ለምዶበታል። «ቫልቭ ቫልቭ ነው ጋሼ» አልኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ። ተመልሰው አደረጉት። ጠቅልለው ሰጡኝ።

በዚህኛው ሁለት ማታ ብቻ ነው የፈጀብኝ። ክራሩንም ለብቻዬ ሰማሁት። ጎማው ያለ ማንኪያ፣ ያለ ሳሙና፣ በአውራ ጣት ብቻ ሰተት ብሎ ገባ። ያው ለሙከራ ባዶውን ነበር ያስገባሁት። አውጥቼ ካላማዳሪውን ልከት ስል ቫልቩ ቀዳዳው አፍ ላይ ቆመ። የቸርኬው ቀዳዳ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለቀጭኑ። የእኔ ቫልቭ 8.5 የሚፈልገው ወፍራሙ ነው።

ጋሼ ከሩቅ ሲያዩኝ ባለ ቀጭን ቫልቭ ካላማዳሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ነበር የጠበቁኝ።