ናም፣ ሮቲ እና ክፍል ውስጥ የማይባለው ቃል፦ የደችኛ ትምህርቴ ስምንተኛ ወር

ባለፈው ስጽፍላችሁ ቃላት አልያዝልኝ ብሎ ተማርሬ ነበር። አሁን ትንሽ ተሻሽያለሁ። የረዳኝ ደግሞ መጽሐፉ ሳይሆን የሮቲ፣ ማለትም የህንዶች ቂጣ፣ ቤት ነው።

እዚህ ዘ ሄግ፣ ሰፈሬ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሮቲ ቤት አለች። ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው። የልጅ ልጃቸው «ናኒ» ይላቸዋል፣ የእናት እናት ማለት ነው፤ እኔም ናኒ እላቸዋለሁ። ከልጃቸው ጋር ሲያወሩ ግማሹ ደችኛ ነው፣ ግማሹ አይገባኝም። ለካ ሳርናሚ ነው፣ ደቡብ አሜሪካ ያለችው የድሮዋ የሆላንድ ቅኝ ግዛት የሱሪናም ህንዶች ቋንቋ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሆላንድ በ1863 (እ.ኤ.አ.) ሱሪናም ውስጥ ባርነትን አስቀረች። ነጻ የወጡት ግን አሥር ዓመት ተጨማሪ በግዴታ እርሻ ላይ ቆዩ። እሱ ሊያበቃ ሲል የእርሻ ባለቤቶቹ የሰው ጉልበት ከህንድ አስመጡ። ላላ ሩክ የምትባል መርከብ ከካልካታ ተነስታ ጁን 5 ቀን 1873 የሱሪናም ዋና ከተማ ፓራማሪቦ ገባች፤ 399 ሰው ይዛ። እስከ 1916 ድረስ ወደ 34,000 ሰው በኮንትራት ሄደ። በ1975 ሱሪናም ነጻ ስትወጣ ብዙዎቹ ልጆቻቸው ወደ ሆላንድ መጡ። ሮቲውም አብሮ መጣ።

ሮቲው ውስጥ የተፈጨ የአተር ክክ አለበት። ከጎኑ የዶሮ ወጥ፣ ድንች፣ ረጅም ፎሶሊያና የተቀቀለ እንቁላል። ዶሮና እንቁላል ሳይ ልቤ ቤት ገባ! ቆረስኩ፣ ጠቀለልኩ፣ ጎረስኩ። ናኒ እጄን አይተው ሳቁ፤ «አንቺ ደግሞ ይሄን የት ተማርሽው?» እንጀራን ለማስረዳት ያለኝን ደችኛ በሙሉ ጨረስኩ። ሃያ ደቂቃ ሳላቋርጥ ያወራሁት ያን ቀን ነው።

ስሜን ሲጠይቁኝ «ናም» አሉ። በደችኛ ስም ናም ነው። በሳርናሚስ? እሱም ናም። ደብተሬ ላይ «ደችኛ ከህንድ የወሰደው» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ በቀይ ሰረዘችው። ሁለቱ ቋንቋዎች የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው፣ ቃሉም ከመርከቦቹ በፊት ከጥንት የወረሱት ነው አለች። ያኔ የኛው ስም፣ የዓረብኛው ኢስም፣ የዕብራይስጡ ሼም ትዝ አለኝ። እኛም ከማንም አልተበደርነውም። ስለዚህ መመሳሰልን ሁሉ ብድር ማለት አቆምኩ።

እውነተኛ ብድርም አለ፣ እሱ ነው ያዋረደኝ። ክፍላችን ውስጥ ከደቡብ ህንድ፣ ከኬረላ የመጣች ነርስ አለች። ደቾች በ1663 የኬረላዋን የወደብ ከተማ ኮቺንን ከፖርቱጋሎች ቀምተው ከመቶ ዓመት በላይ ይዘዋት ነበር። «እኛ ጋ መጸዳጃ ቤት ካኩስ ነው፣ ከደችኛ የመጣ ነው» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ አንድ ቃል በነጻ! በማግስቱ እጄን አውጥቼ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ ወደ «ካክሆይስ» መሄድ እችላለሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አስተማሪዬ ፊቷን በወረቀት ሸፈነች። ለካ ቃሉ እዚህ ብልግና ሆኗል፤ በጨዋ አማርኛ የማልጽፈው ዓይነት። ኬረላ ውስጥ ግን ማንም የሚለው ተራ ቃል ነው። እስካሁን ሲያዩኝ የሚስቁ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዮሃን ዮሱዋ ኬተላር አነበብኩ። የደች ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሠራተኛ ነበር፤ በ1698 የሂንዱስታኒን፣ የሰሜን ህንዱን ቋንቋ፣ ሰዋስው በደችኛ ጻፈ። ከዚያ የቀደመ የሂንዱስታኒ ሰዋስው አይታወቅም። እሱም መጀመሪያ ገበያ ላይ ስንት ጊዜ ተስቆበት ይሆን እላለሁ።

የንግግር ፈተናዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ናኒ በደችኛ ካላዘዝኩ ሮቲ የለም ብለዋል። ሁሉንም እላለሁ፣ ያ ረጅሙ ፎሶሊያ ላይ ስደርስ ብቻ እቆማለሁ። «ካውሰንባንት» ይሉታል፣ የካልሲ ማሰሪያ እንደማለት። እስካሁን ያሰረው የኔን ምላስ ነው።