የውሃ ሮኬት በጅማ፦ ጠርሙሱ፣ ኦሪንጉና ፓራሹቱ

በ2 ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ፣ በ650 ሚሊ ሊትር ውሃና በብስክሌት ፓምፕ ከ50 እስከ 60 ሜትር የሚወጣ፣ በፓራሹት ወርዶ በማግስቱም የሚወነጨፍ ሮኬት ጅማ ገበያ ላይ በሚገኝ ዕቃ ብቻ ይሠራል። አሠራሬን ከነምክንያቱ እጽፋለሁ። ብዙ ሰው ሮኬቱ አልወጣ ሲለው ግፊት ለመጨመር ይቸኩላል። ጉድለቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው፤ ወይ አየር እንዳያሾልክ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንጉ፣ ላይ፣ ወይ ክብደቱ በተቀመጠበት ቦታ፣ ወይ ፓራሹቱ በሚከፈትበት ቅጽበት።

ውሃ የመረጥኩበት ምክንያት ግልጽ ነው። በሌላው ዓለም ያሉ የሮኬት አፍቃሪዎች በአሉሚኒየም ቀፎ ውስጥ ጠጣር ነዳጅ እየቀየሩ ደጋግመው የሚያስወነጭፉት ሞተር አላቸው። አሜሪካ ውስጥ ‹ኤች› እና ‹አይ› የሚባሉትን የሞተር መደቦች ለማብረር የመጀመሪያ ደረጃ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ‹ኤች› የሚጀምረው ከ160 ኒውተን ሰከንድ (የሞተሩ ጠቅላላ የመግፋት አቅም መለኪያ) በላይ ነው። እዚህ ያንን ነዳጅ በአግባቡ የሚያገኙበት መንገድ በሌለበት ሁኔታ ቤት ውስጥ ቀላቅሎ መሞከር ጣትና ዓይን የሚያሳጣ ነገር ነው፤ ማንም እንዳይሞክረው። ከላይ በጠቀስኩት ልክ የተሞላው ጠርሙስ 20 ኒውተን ሰከንድ ገደማ ይሰጣል፤ በዚያው የመደብ አከፋፈል ‹ዲ› እና ‹ኢ› የሚገናኙበት መሆኑ ነው። እሳት አይኑረው እንጂ የሚፈልገው ጥንቃቄ ያው ነው።

ጠርሙሱ ጋዝ ያለው ለስላሳ የነበረበት መሆን አለበት። ሃይላንድ አይሆንም፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ቂጡም ግፊት እንዲችል አልተሠራም። ሂርማታ ገበያ ባዶ ጠርሙስ ስትገዙ ወደ ብርሃን አንሡና እያዞራችሁ እዩት። ነጭ እጥፋት ካለው፣ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው፣ ወይም ላምባ ተይዞበት ከነበረ ተዉት። ጠርሙሱ ላይ በቀጥታ ትኩስ ሙጫ አይደረግም፤ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያሟሽሸዋል። ሱፐር ግሉም አይሆንም፤ ያደርቀውና እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ክንፎቹን ከሌላ ጠርሙስ ወገብ በተቆረጠ ቀለበት ላይ የምሠራቸው። ቀለበቱን በቁመቱ ሰንጥቄ ዋናውን ጠርሙስ አለብሰውና በፕላስተር አስረዋለሁ።

አሁን ወደ ኦሪንጉ። ጠርሙሱ ተገልብጦ የሚሰካበት የማስወንጨፊያው ምሰሶ 20 ሚሊ ፒፒአር የተባለው የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ነው። ተራ ፒቪሲ ለታመቀ አየር አልጠቀምም፤ ሲሰበር እንደ መስታወት ይበተናል። ፒፒአር ግን ከመሰበሩ በፊት ይለጠጣል። የጠርሙሱ አንገት በውስጥ በኩል 21.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ዙሪያውን ክፍተት ይቀራል፤ ያንን የሚዘጋው ኦሪንግ ነው። ቧንቧውን ቶርኖ ቤት ወስጄ ጥልቀቱ 1.2 ሚሊ፣ ስፋቱ 3 ሚሊ የሆነ ቦይ አስወጣለሁ። የቧንቧው ግድግዳ ወፍራም የሆነውን፣ 3.4 ሚሊ ያለውን ምረጡ፤ ስሱ ቦዩን አይችልም። እዚያ ላይ የሚቀመጠው ኦሪንግ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ፣ የውስጥ ቀዳዳው 17 ሚሊ ገደማ ነው። ለኦሪንጉ የሚተርፈው ቦታ 2 ሚሊ ያህል ስለሆነ ከውፍረቱ አምስተኛ የማይሞላ ይጨመቃል፤ ትክክለኛው መጠን ይህ ነው። ቀጭን ከሆነ አየር ያሾልካል። ወፍራም ከሆነ ደግሞ ጠርሙሱ ሲገባ ይጠቀለልና ይቆረጣል። የጠርሙስ አንገት ሁሉ እኩል ስላልሆነ ቶርኖ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት በካሊበር ለኩ።

ኦሪንጉን ሁልጊዜ በጣት አሻሽቼ፣ በጥቂት ቫዝሊን አርሼ ነው የማስገባው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም ፀጉር ከሥሩ ከገባች ፓምፑን ሲያቆሙ ‹ስስስ› የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ውሃም በምሰሶው ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። በጠጣር ነዳጅ ሞተር ላይ በዚያችው ቀዳዳ የሚያልፈው እሳት ነው። ጥር 1986 እንደ ፈረንጆች የአሜሪካዋ የጠፈር መንኮራኩር ቻሌንጀር የጠፋችው በብርድ የደረቀ የማጋጠሚያ ኦሪንግ ጋዙን መያዝ ስላቃተው ነበር።

ምሰሶው ከጠርሙሱ አፍ 25 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ጫፉ ከውሃው በላይ ካልሆነ ውሃው በቧንቧው ወደ ፓምፑ ይመለሳል። ከሥር ጎሚቶ (የቧንቧ ማጠፊያ)፣ ከዚያ አጭር ቧንቧ፣ መጨረሻው ላይ በታፖ (በመክደኛ) የተዘጋና በብሎን የሚጠብቅ የብረት ጎማ ቫልቭ። ቫልቩን ጎሚስታ ቤት ታገኙታላችሁ። ሁሉም 40 በ40 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጣውላ ላይ ይታሰራል፤ ጣውላው ላይ ድንጋይ ይጫናል።

ጠርሙሱን ይዘው የሚያቆዩት 12 ያህል የኤሌክትሪክ ሽቦ ማሰሪያ ፕላስቲኮች ናቸው። ጭንቅላታቸው ወደ ላይ ሆኖ በምሰሶው ዙሪያ ይደረደራሉ፤ እግራቸው በፋሼታ ይጠብቃል፤ ጭንቅላታቸውም የጠርሙሱን አንገት ቀለበት ከላይ ይነክሳል። ከውጭ 8 ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ ባለ 50 ሚሊ የፍሳሽ ቧንቧ ያለብሳቸዋል። ያንን በሲባጎ ወደ ታች ሲስቡት ማሰሪያዎቹ ይከፈታሉ፣ ሮኬቱም ይሄዳል። በበረራው ግፊት፣ በ5 ባር፣ ማሰሪያዎቹ የሚይዙት ኃይል 19 ኪሎ ያህል ክብደት ነው። የውጩ ቧንቧ ከላላ ውስጡን በፕላስተር ሙሉት፤ ላልቶ ከተተወ ሮኬቱ ሳይጠሩት ይነሣል።

አዲስ ጠርሙስ ከመብረሩ በፊት በውሃ ይፈተናል። አፉ ድረስ ውሃ ሞልቼ በምሰሶው ላይ እሰካውና እስከ 7.5 ባር፣ ማለትም 110 ፒኤስአይ ገደማ አድርሼ 5 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ውሃ ስለማይታመቅ ቢፈነዳም ይፈስሳል እንጂ አይበተንም። በአየር ብቻ መፈተን ግን ቦምብ መሥራት ነው። ይህን ካለፈ የበረራ ግፊቱ 5 ባር፣ ማለትም ከ70 ፒኤስአይ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ከዚያ አላሳልፍም።

በዚያ ግፊት ውሃው በሙሉ የሚወጣው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሚገፋው ኃይልም ወደ 370 ኒውተን ይደርሳል። ክንፍ የሚገነጠለው በዚያች ቅጽበት ነው። ካርቶን ይርሳል፣ ይታጠፋል። ማስታወቂያ ሠሪዎች ከሚጥሉት ቀላል የፕላስቲክ ሰሌዳ ሦስት ክንፍ ቆርጣችሁ በሁለቱም ጎን በፕላስተር እሰሩ። አንዱ በጥቂት ከተጣመመ ሮኬቱ እየተሽከረከረ ይወጣና ከፍታ ያጣል።

ውሃው ወዲያው ስለሚያልቅ ሮኬቱ መንገዱን ከሞላ ጎደል የሚጓዘው ባዶውን ነው። ስለዚህ ሚዛኑም የሚለካው ባዶውን ነው። የሮኬቱን ቅርጽ ካርቶን ላይ ስላችሁ ቆርጡና ካርቶኑ በጣት ላይ የሚመዝንበትን ነጥብ ፈልጉ። እውነተኛው ሮኬት የሚመዝንበት ነጥብ ከዚያ ቢያንስ አንድ የጠርሙስ ስፋት፣ 11 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ አፍንጫው መቅረብ አለበት። ካልቀረበ ሮኬቱ ጥቂት ሜትር ወጥቶ ይገለበጣል። ለዚህ ከ60 እስከ 70 ግራም አሸዋ በትንሽ ፌስታል ቋጥሬ እጨምራለሁ። ብረት አላስገባም፤ ሰው ላይ ቢወድቅ ይጎዳል።

አሸዋው የሚቀመጠው አፍንጫው ውስጥ ሳይሆን ተገልብጦ ከላይ በሚሆነው የጠርሙሱ ቂጥ ላይ፣ ከፓራሹቱ ሥር ነው። ግፊቱ ሲያበቃ አየሩ ሰፊውንና ክንፋሙን አካል ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ከባድ አፍንጫ ግን ፍጥነቱን ይዞ ወደ ፊት ይቀጥላል፣ ይለያያሉ። ፓራሹቱ በሙሉ ፍጥነት ወጥቶ ይቀደዳል። ትልልቆቹ ሮኬቶችም ይህ ይገጥማቸዋል፤ እነሱ በቀጫጭን የናይሎን ብሎን አፍንጫውን ያስራሉ፣ ብሎኖቹ የሚቆረጡት ፓራሹቱን የሚያስወጣው ባሩድ ሲፈነዳ ነው። እኛ አፍንጫውን ቀላል ካደረግነው አየሩ ራሱ እየተጫነ ይዞልን ይወጣል፤ ጫፍ ላይ ደርሶ ሲዘገይና ሲያዘነብል ይወድቃል። ሮኬቱን ገልብጣችሁ ስትይዙት አፍንጫው በራሱ ክብደት መውደቅ አለበት።

ንፋስ ሲኖር ይህ ብቻ አያስተማምንም። ከተሰበረ በቁልፍ የሚሞላ መጫወቻ ውስጥ ያለውን ባለ ጥርስ ማሽን አውጥቼ ሰዓቱ ሲደርስ ፓራሹቱን ዘግቶ የያዘውን ላስቲክ እንዲለቅ አደርገዋለሁ። ከተነሣ እስከ ጫፉ 3 ሰከንድ ገደማ ነው፤ በስልክ ቪዲዮ ቀርጻችሁ የራሳችሁን ሮኬት ሰዓት አውጡ።

ፓራሹቱ ከትልቅ ፌስታል ይቆረጣል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስስ ነው። ሮኬቱ ለመውጣት ይቀልለዋል፣ ሲወርድ ግን ይፈጥናል። 200 ግራም የሚመዝን ሮኬት በሰከንድ 5 ሜትር እንዲወርድ ባሕር ዳርቻ ላይ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ሲበቃው እዚህ 50 ያስፈልገዋል። ስምንት ክር፣ እያንዳንዱ 60 ሳንቲ ሜትር። ፌስታሉ በእርጥበት እንዳይጣበቅ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበትና አኮርዲዮን እንደሚታጠፍ እጠፉት፤ ክሩን አትጠምጥሙበት።

የማስወነጭፍበት ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ነው፤ ንፋስ ገና አልተነሣም። ከ60 ሜትር መውረድ 12 ሰከንድ ይፈጃል፤ በሰከንድ 3 ሜትር የሚነፍስ ንፋስ እንኳ 36 ሜትር ይወስደዋል። ስለዚህ የኳስ ሜዳ ያህል ቦታ፣ የባለቤቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ከአውሮፕላን ማረፊያው፣ ከኤሌክትሪክ መስመርና ከባሕር ዛፍ ራቁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ይመቻል፤ ግን ቡና በአልጋ ላይ የሚሰጣበት ወቅት ስለሆነ ንፋሱ ወደዚያ የሚወስድ ከሆነ አታስወንጭፉ።

ተመልካች ከ15 ሜትር በላይ ይርቃል። የሚስበው ሰው በ10 ሜትር ሲባጎ ጫፍ ላይ፣ መነጽር አድርጎ ይቆማል፤ የፓምፑ ጎማም እንዲሁ ረጅም ይሁን። ግፊት የገባበትን ሮኬት ማንም አይጠጋውም። ካልለቀቀ አየሩን ከሩቅ የሚያስወጣ መክፈቻ አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ አየሩ እስኪያልቅ ይጠበቃል።

ከፍታውን ለመለካት ሁለት ሰው ከማስወንጨፊያው 50 ሜትር ርቆ ግራና ቀኝ ይቆማል። ፕሮትራክተር ላይ ክርና ድንጋይ አንጠልጥሎ ሮኬቱ ጫፍ ሲደርስ ማዕዘኑን ያነባል። 45 ዲግሪ ካነበቡ 50 ሜትር ነው፣ የዓይናችሁ ከፍታ 1.5 ሜትር ይደመራል። 50 ዲግሪ ከሆነ 61 ሜትር ይመጣል። የሁለቱ ንባብ በጣም ከተራራቀ ሮኬቱ ወደ አንዱ አዘንብሏል ማለት ነው፤ ያንን ልኬት ሰርዙት። ከውሃው መጠን፣ ከግፊቱና ከባዶ ክብደቱ ጋር በደብተር ስትመዘግቡ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ቀይሩ። ውሃውን በ50 ሚሊ ሊትር እየቀነሳችሁና እየጨመራችሁ ከ550 እስከ 750 ሞክሩ፤ ለራሳችሁ ሮኬት የሚበጀው ልክ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው።