እታለምን የት ላስቀምጣት?

መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ቱሉ ዲምቱ ከገባን ወዲህ ከቤታችን ሻማ ጠፍቶ አያውቅም። በመስኮት ሲያዩት ከፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ የሚወርዱት የመኪናዎች መብራት ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ነጭ ወረቀት፣ አንድ እርሳስና አንድ ላጲስ አለ።

ሰኞ የማስረክበው አሳይመንት ነው። የሦስት ትውልድ የቤተሰብ ካርታ። ወንድ በካሬ፣ ሴት በክብ ይሳላል። ባልና ሚስት በአግድም መስመር ይያያዛሉ። ልጆች ከዚያ መስመር ወደ ታች ይወርዳሉ። በሞተ ሰው ላይ ኤክስ ይደረጋል። የፈረሰ ትዳር በሁለት አጭር ጭረት ይቆረጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ ይሠራዋል።

እኔ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ታግዬ ልቤ ያመነበት የአያቶቼ ብቻ ነው። ከእነሱ ሥር ያለው ቦታ በላጲስ ብዛት ጠቁሯል።

ችግሩ እታለም ናት።

እታለም እናቴ ናት። እማዬ የምለው ግን አያቴን ነው። ይሄ ለአገሬ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እናቱን በስሟ የሚጠራ፣ ወይም እንደ ታላቅ እህት የሚጠራ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል። እኔ የተወለድኩት አቃቂ፣ እማዬ ቤት ነው። አክስቶቼና አጎቶቼ ገና ልጆች ነበሩ። እናቴ ታላቃቸው ስለሆነች እታለም ይሏታል። እኔም አፌን ስፈታ የሰማሁትን ጠራሁ። ማንም አላረመኝም። እሷም ራሷ አላረመችኝም።

የምማረው ስለ ሰው ልጅ ዕድገትና ስለ ቤተሰብ ነው። ቀን ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ሂሳብ እሠራለሁ፣ ማታ ግቢ እገባለሁ። ወደ ቤት ለመመለስ ሦስት ታክሲ እይዛለሁ። ሦስተኛው አንዳንዴ ይጠፋል። ያኔ ከአስፋልቱ ዳር ቆሜ ጅብ የሚሰማኝ ጊዜ አለ። የእውነት ጅብ፣ ለማጋነን አይደለም።

ፊት ለፊታችን ያሉት እትዬ ዘውዴ ምን እንደምማር የጠየቁኝ ቀን በደንብ ትዝ ይለኛል። ልጅ እንዴት እንደሚያድግ፣ ቤተሰብ እንዴት እንደሚኖር ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣

«እና ስትመረቂ ምን ልትሆኚ ነው? እናት?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። እሳቸው ቀጠሉ። «ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ። ጋዋን ያለበሰኝ የለም።»

እትዬ ዘውዴ ሳያውቁት ሁለተኛ መምህሬ ናቸው። ስለ ዣን ፒያዤ ስንማር ጊዜ ሙከራውን ቤት ልሞክረው ብዬ ተነሳሁ። ፒያዤ የልጆችን አስተሳሰብ ያጠና ስዊዘርላንዳዊ ነው። ብዙውን ነገር የደረሰበት የገዛ ሦስት ልጆቹን ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ቁጭ ብሎ እያየ፣ እየመዘገበ ነው። (እነዚያ ልጆች አባታችን ምን ሆኗል ሳይሉ ቀሩ? ሁልጊዜ ይገርመኛል።) የእትዬ ዘውዴ የልጅ ልጅ ናቲ አምስት ዓመቱ ነው። ሁለት እኩል ብርጭቆ አምጥቼ እኩል ውሃ ቀዳሁ።

«የቱ ይበዛል?»

«እኩል ናቸው።»

ከዚያ ዓይኑ እያየ የአንዱን ውሃ ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ ገለበጥኩት። «አሁንስ?»

«ይሄ!» ረጅሙን ያዘ። «ይሄ በጣም ይበዛል።»

ደስ አለኝ። ልክ መጽሐፉ እንዳለው ነው። ሰባት ዓመት አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ልጅ ቁመቱን አይቶ ይፈርዳል። ምንም እንዳልተጨመረ በዓይኑ ቢያይም ያው ነው። እታለም ከኩሽና «ያንን ውሃ እንዳትደፊው» ብላ ጮኸች። ውሃ ከመጣ አምስተኛ ቀኑ ነበር። እትዬ ዘውዴ በሩ ላይ ቆመው ነገሩን ሁሉ አይተዋል።

«ይሄን ለመማር ነው በሦስት ታክሲ የምትመላለሺው?» አሉኝ። «ወተት ከተወደደ ወዲህ የናቲን በምን የምሰጠው ይመስልሻል? በረጅሙ ብርጭቆ ነዋ! ትንሽ ቀድቼለት ብዙ መስሎት ይጠጣል።»

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ፈተና ላይ እንደማይመጣ ግን አውቃለሁ።

እንዲህ እንዲህ ያለው ትምህርት ደስ ይላል። የሰው ልጅ ነዋ የሚታየው። ወደ ራስ ሲመጣ ነው ጣጣው። አንድ ማታ መምህራችን የመጀመሪያ ትዝታችሁን ጻፉ አሉን። ሌላው ስለ ልደት፣ ስለ ውሻ፣ ስለ ጥምቀት ጻፈ። የእኔ ሽታ ነው። ጠዋት ከእማዬ ጎን ስነቃ ፀጉሬ ብስኩት ብስኩት ይሸተኝ ነበር። ተነስቼ ትራሱ ሥር እፈልጋለሁ። ምንም የለም። እማዬ ትስቃለች። «ማርያም በሕልምሽ አብልታሽ ይሆናል» ትለኛለች። አመንኳት። ብዙ ጊዜ አምኛት ኖሬያለሁ።

ከዚያ ደግሞ በትምህርቱ ሜሪ አይንስዎርዝ መጣች፤ ሕፃንና እናት እንዴት እንደሚተሳሰሩ ያጠናች ተመራማሪ ናት። ሙከራዋ እንዲህ ነው። እናትና ሕፃን ወደማያውቁት ክፍል ይገባሉ። የማያውቋት ሴት ትመጣለች። እናት ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ሁሉም ነገር ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ዋናው የሚታየው እናት ስትወጣ ሕፃኑ ማልቀሱ አይደለም። ስትመለስ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ወደ እሷ ይሄዳል ወይ? ይጠመጠምባታል ወይ? ወይስ እንዳላየ ዞር ይላል?

ክፍል ውስጥ ሆኜ ይሄን ስሰማ ራሴን እዚያ ክፍል አስገባሁት። እማዬ ብትወጣ ጣራ እስኪቀደድ አለቅሳለሁ። እታለም ብትወጣስ? ልክ ያልሆነ ቦታ የነካሁ ያህል ደነገጥኩ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ሰው ሲያናግረኝ አልሰማሁም።

አይንስዎርዝን አሜሪካ ባልቲሞር፣ በመስታወት ጀርባ ቆማ ሕፃን ስታይ ብቻ ነበር የማስባት። የጀመረችው ግን እዚሁ እኛው አካባቢ፣ ዩጋንዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ካምፓላ ሄደች። በአቅራቢያው ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች፣ ሳሎናቸው ተቀምጣ ነው ሕፃናቱን ያየችው። መስታወት የለ፣ ላብራቶሪ የለ። ሕፃኑን ከእናቱ ሌላ አያት፣ እህት፣ ጎረቤት የሚያቅፍበት ቤት። ይሄን ሳነብ ትንሽ ተነፈስኩ። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

በዚያው ሰሞን ስለ ሙያው ታሪክ ስንማር ክፍሉን ያስደነገጠ ነገር ሰማን። ይሄ ትምህርት አሜሪካ ውስጥ ሥሩ ሆም ኢኮኖሚክስ፣ ማለትም የቤት አያያዝ ትምህርት ነው። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1969 ለሆም ኢኮኖሚክስ ተማሪዎች መለማመጃ ሕፃን ያመጣላቸው ነበር። አሻንጉሊት አይደለም። እውነተኛ ሕፃን። ከማሳደጊያ ይመጣል፣ ተማሪዎቹ በሚኖሩበት ቤት ውስጥ በተራ በተራ እናት ይሆኑታል። የመጀመሪያው ዲኪ ዶሜኮን ተባለ። ዶሜኮን የአባት ስም አይደለም፤ ከትምህርቱ ስም ተቆርጦ የወጣ ነው። ሕፃኑ ዓመት ገደማ ካደገ በኋላ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ይሰጣል። በሳይንስ ያደገ ልጅ ነው ተብሎም ይፈለግ ነበር።

«የፈረንጅ ዶሮ ነው እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ። ሳቅን። ወዲያው ደግሞ ሁላችንም ዝም አልን። እኔ ጣቶቼን እየቆጠርኩ ነበር። ዲኪ ስንት እናት ነበረው? የእኔ ሁለት ናቸው፣ ያውም አንድ ጣራ ሥር። ማማረሬ አፈር ይብላ አልኩ።

ብሮንፈንብረነርን ግን ወደድኩት። ሩሲያ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ የሥነ ልቦና ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው መጽሐፉ ልጁን መሃል አስቀምጦ በዙሪያው ክብ በክብ ላይ ይደራርባል። መጀመሪያ ቤትና ትምህርት ቤት። ከዚያ የእነሱ ግንኙነት። ሦስተኛው ክብ ነው የገረመኝ። ልጁ ገብቶበት የማያውቀው፣ ግን ውሎውን የሚወስንበት ቦታ ነው። ለምሳሌ የወላጅ መሥሪያ ቤት።

የእኔ ሦስተኛ ክብ አንድ ብስኩት ፋብሪካ ነው። እታለም እዚያ ታሽግ ነበር። ገና ሳይነጋ ትወጣለች፣ ከሥራ በቀጥታ ወደ ማታ ትምህርት ትሄዳለች። ያቋረጠችውን ሰባተኛ ክፍል ጀምራ ነበር። የፋብሪካውን በር አንድ ቀን እንኳን አልረገጥኩም። ግን መቼ እንደማያት የሚወስነው እሱ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ነው የማያት። እሑድም ልብስ ስታጥብ።

ከሁሉም በላይ የረበሸኝ ኤሪክሰን የሚባለው የሥነ ልቦና ሰው ነው። የሰውን ዕድሜ ስምንት ቦታ ይከፍለዋል። ከ12 እስከ 18 ያለው «ማን ነኝ?» የሚባልበት ነው። ይሄንንም እንደ ልማዴ ስለ ራሴ ነበር የማነበው። የእኔ 12፣ የእኔ 18። አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ በምን እንደሆነ እንጃ ቁጥሮቹን ለእታለም አሰላኋቸው። በ1972 ተወለደች። በ1987 ተዳረች። በ1988 ወለደችኝ። ዓመት ያልሞላው ትዳር ፈርሶ ሆዷን ይዛ እናቷ ቤት ስትመለስ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ያኔ የሚሠራው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ይበቃታል ይል ነበር። ለወንድ ግን 18። ለሁለቱም 18 ያደረገው የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ነው። እኔ አራት ዓመቴ፣ እሷ ሃያ።

ስንት ወር ሙሉ በየቲዎሪው ውስጥ ልጇን ስፈልግ ነበር፤ ልጇ እኔ ነኝ። እሷም ልጅ እንደነበረች አንድም ገጽ ላይ አልታየኝም።

እና አሁን እዚሁ አጠገቤ ቁጭ ብላለች። በሻማ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ወረቀቱን ገፋ አደረግኩት።

«እታለም፣ ትንሽ ሆኜ ማታ ማታ የሚያስተኛኝ ማን ነበር?»

«እማዬ ናታ።»

«አንቺስ?»

አንድ ፍሬ ልጣ ሳህኑ ላይ ጣለች። ሌላ አነሳች።

«እኔ ሦስት ሰዓት ነበር የምገባው። ተኝተሽ ነው የማገኝሽ። እማዬ እንቅልፍ ሲወስዳት ቀስ ብዬ ከጎኗ አነሳሽና ወደ ፍራሼ እወስድሻለሁ። ሊነጋጋ ሲል መልሼ አስተኛሻለሁ።»

«ለምን ትመልሺኛለሽ?»

«ስትነቂ እሷን ካጣሽ ታለቅሻለሽ። አንድ ቀን እኔ ጋ ነቅተሽ ጩኸቱን አቀለጥሽው። ከዚያ በኋላ እኔ ጋ እስክትነቂ ጠብቄ አላውቅም።»

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም። በኋላ በኋላ ያንቺን ብርድ ልብስ እኔ ፍራሽ ላይ አጥፋ እያስቀመጠች ነበር የምትተኛው።» ሳቅ አለች። «ታውቅ ነበር መሰለኝ።»

እርሳሱ እጄ ላይ ነበር። አልጻፍኩትም።

«የፋብሪካውን ጋዋን እንደለበስሽ ነበር የምትተኚው?»

«ሲደክመኝ። ምነው?»

«ምንም።»

ሻማው ሊያልቅ ነው። እታለም እጇን በጨርቅ ጠርጋ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። አዙራ አየችው፣ ወደ ሻማው አስጠጋችው።

«እኔ የትኛዋ ነኝ?»

አሳየኋት። ከእማዬ ወደ ታች ረጅም መስመር፣ ጫፉ ላይ ክብ። ከሥሯ ደግሞ እኔ። ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ወደ ላይ ሄደችበት።

«ምነው ከእማዬ እንዲህ አራቅሽኝ?»

«ከሥርሽ እኔ የምገባበት ቦታ እንዲኖር ነው።»

«አንቺ ትገቢያለሽ። እኔን ትንሽ አስጠጊኝ።»

ላጲሱን አነሳሁ። ወረቀቱ እዚያ ጋ በጣም ሳስቷል፤ እንዳይቀደድ ቀስ እያልኩ ነው የማጠፋው።